ከግብር አዳራሽ እስከ ለስላሳ ሣጥን፦ የመጠጥና ያለመጠጣት ታሪክ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች መጠጥ ለረጅም ዘመን የግል ምርጫ ጉዳይ አልነበረም። ማን ጠጅ እንደሚጠጣ፣ ማን ጠላ እንደሚበቃው፣ ማንስ ሁለቱንም እንደማይነካ አስቀድመው የሚወስኑት የሰውየው ማዕረግ፣ ሃይማኖቱና የተጠራበት ማዕድ ስለነበሩ፣ የመጠጥን ታሪክ የሚመረምር ጸሐፊ ስለ ጠጪዎች ብቻ ጽፎ ቢያበቃ የነገሩን ግማሽ ትቶ ያልፋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሠርግ ላይ «አልጠጣም» የሚል እንግዳ ለስላሳ ይቀርብለትና ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ከመቶ ዓመት በፊት ግን ያው ቃል ሰውየው ሙስሊም ወይም መነኩሴ መሆኑን፣ ስእለት እንዳለበት፣ አለዚያም በጋባዡ ላይ ቅሬታ እንዳደረበት የሚያስጠረጥር ነበር። ጠጅን በተመለከተ ደግሞ አለመጠጣት ለአብዛኛው ሰው ማጣት እንጂ ምግባር አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አለመጠጣት ይሰጠው የነበረው ትርጉም እንዴትና በምን ምክንያት እንደተለወጠ ማሳየት ሲሆን፣ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመከተል መጠጦቹን መለየት ያስፈልጋል። ጠላ ከገብስ፣ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ ወይም ከሌላ እህል የሚጠመቅ የቤት መጠጥ ነው፤ አጠማመቁም ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥቦ በወይራ ጭስ ከማጠን ይጀምራል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ጥቂት ቀን ሲቆይ ጥንስስ ይባላል፤ በዚህ ላይ ብቅል፣ ማለትም በቅሎ የደረቀና የተፈጨ እህል፣ ከቂጣ ጋር ይጨመርበታል፤ ቀጥሎም ተቆልቶ የተፈጨ እህል በውሃ ተለውሶ በምጣድ ሲታመስ የሚገኘው እንኩሮ ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ድፍድፉ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠልል ለመጠጥ ይደርሳል። ጠጅ አሠራሩ ከዚህ ያጠረ፣ ጥሬ ዕቃው ግን እጅግ የተወደደ ነው፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ጌሾ ተጨምሮበት ለሳምንታት ይቆያል፤ ሳይፈላ የሚጠጣው የማር ውሃ ደግሞ ብርዝ ይባላል። አረቄ ድፍድፍን በእሳት አፍልቶ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ የሚወጣ ሲሆን፣ ዳግመኛ የወጣው ዳግም ይባላል፤ በኃይሉም ከጠላና ከጠጅ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ይህ የኃይል ልዩነት ለታሪኩ ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ጠላ የሚጠጣ ገበሬ እና በመለኪያ አረቄ የሚጨልጥ የከተማ ሰው በአንድ ስም ጠጪ ቢባሉም የጠጡት አንድ ነገር አይደለም።

የመጠጥ ግብዣ ከመንግሥት ሥራ ጋር መያያዙ ጥንታዊ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ያመፁትን ቤጃዎች ድል ነሥቶ ወደ ሌላ አገር ባሰፈራቸው ጊዜ ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ምርኮኞቹን በመንገድ ላይ እህልና ሥጋ እንዳበላቸው፣ ጠላና ወይን ጠጅም እስኪጠግቡ እንዳጠጣቸው ይናገራል። ንጉሡ ይህን በድንጋይ ማስቀረጹ ማጠጣት ከጌትነት ምልክቶች አንዱ እንደነበር ያሳያል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ወይን ጠጅ በአዱሊስ ወደብ በጥቂቱ ይገባ እንደነበር መዝግቧል፤ የባሕር ማዶው መጠጥ ያን ጊዜም የጥቂቶች ነበረ ማለት ነው። ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ከዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ለመልእክተኞቹ በእንስራ ስለተላከላቸው ጠጅ በየስፍራው ያነሣል። የውጭ ተጓዦች ጽሑፍ በዚህ ረገድ በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል፤ አብዛኞቹ የጻፉት ስለተጋበዙበት የጌቶች ማዕድ ነውና ገበሬው በጎጆው ስለሚጠጣው ብዙ አያስረዱም።

ጠጅ የማዕረግ መጠጥ መሆኑ በልማድ ብቻ የቆመ አልነበረም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ አንኮበር የከረሙት እንግሊዛውያን እንደመዘገቡት፣ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ግዛት ጠጅ ለመጣል የንጉሡ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ በሌሎች ግዛቶችም ማሩ ወደ ገዢው ቤት ስለሚገባ ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ገባሩ፣ ማለትም የመሬት ባለይዞታ ሆኖ ለጌታው የሚያርሰውና ግብር የሚከፍለው ገበሬ፣ ከሚያስገባቸው ነገሮች ማር ዋነኛው ነበረ፤ ማሩ የሚለካበት ዕቃ ጉንዶ ይባል ነበር። ከማሩ የሚለየው ሰም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል፤ በኋላም ሰም ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ሊሆን የቻለው ሰሙ ሳይለይ የሚመጣው ማር በየጠጅ ቤቱ በብዛት ስለሚጣራ ነው። ቀፎውን ከዛፍ ላይ የሚሰቅለው ገበሬ ግን ከማሩ የተሠራውን ጠጅ የሚቀምሰው በጌታው ደጅ፣ በበዓል ቀን፣ ያውም ሲደርሰው ነበረ።

ይህ ሥርዓት በሙሉ ኃይሉ የታየው በዐፄ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ውስጥ ነው። ግብር በዚህ አነጋገር ንጉሥ ወይም መኳንንት ለሹማምንትና ለሠራዊት የሚያበሉት ታላቅ ግብዣ ነው። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚያስተናግድ ነበረ። አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቆቹ መኳንንት በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ቀጣዮቹ ባለማዕረጎች ይገባሉ፤ እነርሱ ሲነሡ ሌሎቹ ይተካሉ፤ እንዲህ እያለ ተራው እስከ ተራ ወታደሩ ይወርዳል። ጠጁ አብሮ ይወርዳል፤ ላይኞቹ የጠራውን በብርሌ፣ ማለትም አንገቱ ቀጭን ሆዱ ሰፊ በሆነ የመስተዋት ዕቃ ሲጠጡ፣ የታችኞቹ ከዚያ ያነሰውን በቀንድ ዋንጫ ይቀበላሉ። ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ላይ ጥቂት አፍስሶ ይቀምሳል፤ ይህም መጠጡ መርዝ እንደሌለበት በራሱ ሕይወት መመስከር ነው። ጌታው በሚጠጣበት ጊዜም የሰው ዓይን እንዳያርፍበት በሸማ ይከለላል። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ቤተ መንግሥቱ የሥራ ክፍሎች በዝርዝር ጽፈዋል፤ ጠጅ ቤቱም እንደ ግምጃ ቤቱና እንደ ወጥ ቤቱ የራሱ አዛዥና ሠራተኛ የነበረው ክፍል ነው።

ግብርን የብክነት ትርዒት አድርገው የጻፉት የውጭ ሰዎች የሳቱት ነገር አለ። ደመወዝ በገንዘብ በማይከፈልበት መንግሥት ወታደሩ ድርጎውን የሚያገኘው በእህል፣ በመሬትና በዚህ ማዕድ ነበረ፤ ስለዚህ ጠጁ ከአገልግሎት ዋጋው አንዱ ክፍል ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ «ይቅርብኝ» ማለት ድርሻን መጣል፣ ከዚያም አልፎ የጌታን እጅ መመለስ ይሆናል። ሰው በግብር ላይ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚሰክር የሚጨነቅ ሕግ አልነበረም፤ የሚያስነቅፈው ሰክሮ ማዕረግን መዘንጋት፣ ከተራ ውጭ መናገር፣ የቂም ነገር ማንሣት ነበር።

በገበሬው ዘንድ የጠላ ነገር ከዚህ ይለያል፤ ግን እርሱም የግዴታ ማሰሪያ ነበረው። አዝመራ ሲደርስ ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ሰው እርሻ ላይ በሚሠራበት በደቦ ጊዜ ባለእርሻው እንጀራና ጠላ ማቅረብ አለበት፤ ጠላው ቀጭን ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። በየወሩ በአንድ ቅዱስ ስም የሚሰበሰቡ ማኅበርተኞች ጽዋውን በተራ ያወጣሉ፤ ጽዋ በዚህ ቦታ ካህኑ ጸልዮ ለተሰበሰበው የሚያድለው የማኅበሩ ጠላና ዳቦ ሲሆን፣ ማኅበርተኞቹ በዚያው ይታረቃሉ፣ ገንዘብም ይበዳደራሉ። ለሙት መታሰቢያ በሚደረገው ተዝካር ደግሞ ጋን በጋን ላይ ተደርድሮ ካህናትና ጎረቤት ይጠጣሉ። ጠላውን የምትጠምቀው ሴት ናት፤ የቤቱ ስምም በእጇ ነው፤ ጎረቤት የአንዲትን እመቤት ሙያ ከሚመዝንባቸው ነገሮች ከዶሮ ወጧ ቀጥሎ ጠላዋ ይቆጠር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ኑሮ ውስጥ ሞቅታ፣ ማለትም ጨዋታን የሚያነሣ ቀላል መጋል፣ የተፈቀደ ነው፤ ስካር ግን ነውር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚያስከብሩትም የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ነበሩ። ይህ ጥበቃ ሰው ብቻውን ስለማይጠጣ የሚሠራ ነበረ፤ በኋላ በከተማ የፈረሰውም ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የማይጠጡት እነማን ነበሩ? አስቀድሞ የሚነሡት ሙስሊሞች ናቸው፤ በሃይማኖታቸው የሚያሰክር ሁሉ የተከለከለ ስለሆነ፣ ለእንግዳ ቡና፣ ብርዝ ወይም ቅሪቦ የሚባለውን ከተቆላ እህል የሚዘጋጅ የማያሰክር መጠጥ ያቀርባሉ። ይህ ልዩነት ወደ ሌላው ወገንም ይሻገር ነበረ፤ ክርስቲያኖች እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብለው ይሸሹ ነበርና፣ አንዱ ወገን ጠላን፣ ሌላው ቡናን በመተው ሃይማኖቱን ያስታውቅ ነበር። ቡና በምኒልክ ዘመን ወደ ክርስቲያኑ ቤት በሰፊው ሲገባ ድንበሩ በአንድ በኩል ፈረሰ፤ የጠላውና የጠጁ ድንበር ግን እንዳለ ቀረ። ሁለተኛዎቹ መነኮሳትና ባሕታውያን ናቸው፤ እነርሱ ከመጠጥ የሚርቁት ዓለምን ከተዉበት ሥርዓት ጋር ስለሆነ ማንም አይታዘባቸውም፣ ምእመኑም እንደ እነርሱ እንዲሆን አይጠበቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስካርን ብታወግዝም መጠጥን ራሱን አልከለከለችም፤ ጠላ የእንስሳት ተዋፅኦ ስለሌለበት በጾም ወራትም ከጾሙ ሰዓት በኋላ በብዙ ቤት ይጠጣ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ በዙሪያዋ ይህን ያህል ጠላና ጠጅ የሚቀዳባት ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የምትጠቀመው ከዘቢብ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የሚገኘውን፣ ያልፈላውን ነው።

በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ይህን ሁሉ አናወጠች። ከየአገሩ የመጣው ወታደር፣ ነጋዴና ባለሙያ ከዘመዱና ከማኅበሩ ርቆ ስለሚኖር፣ በሰፈሩ ጠጅ የምትጥል ሴት ቤቷን ከፍታ በገንዘብ ስትሸጥ ደንበኛ አላጣችም። ኮማሪት የምትባለው ይህች የመጠጥ ቤት ባለቤት በብዙ ጊዜ ከባሏ የተፋታች ወይም ርስት ያልደረሳት ሴት ነበረች፤ መጥመቅና መጣል በሴት እጅ የቀረ ሙያ መሆኑ ለእርሷ በከተማ መቋቋሚያ ሆነላት። አዝማሪም ከጌታ አዳራሽ ወደ ጠጅ ቤት መጣ፤ ቀድሞ ጌታውን ያወድስ የነበረው፣ አሁን ገንዘብ የሚሸልመውን ሁሉ ያወድስ ጀመር። የንጉሥ ፈቃድ ያስፈልገው የነበረው ጠጅ ገንዘብ ላለው ሁሉ ክፍት ሲሆን፣ ድሃው «ጠጅ አልጠጣም» የሚልበት ምክንያት ማዕረጉ መሆኑ ቀርቶ ኪሱ ብቻ ሆነ።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው መጠጥም በዚሁ ዘመን በዛ። መንግሥቱ ከፈረንሳይ ጋር በ1908 የተዋዋለው፣ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በ10 በመቶ ስለገደበ፣ መጠጥን በከባድ ቀረጥ የማስወደድን መንገድ አጥብቦት ነበር። በ1922 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የአገሩን የፋብሪካ ጠመቃ ጀመረ፤ ለሠራተኛው ሰፈር ግን ቢራ ለብዙ ጊዜ የሹምና የፈረንጅ መጠጥ ሆኖ ቆየ። በ1925 የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በነበረበት ዘመን የተነሡት ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ጸሐፊዎች የአገሩን ድህነት ከልማዶቹ ጋር አያይዘው ሲመረምሩ፣ ለአንድ ሰው ተዝካር የቤተሰብ ሀብት መፍሰሱንና በበዓላት ብዛት ሥራ መፈታቱን ይነቅፉ ነበር። ከዚያ በፊት ስካርን የነቀፉት በኃጢአትነቱ ነበር፤ እነዚህ ግን በብክነቱ ነቀፉት። ነቀፋቸው በጊዜው ጥቂት ሰው ብቻ የሰማው ቢሆንም፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ በየቀበሌው ስብሰባ የተደገመው የእነርሱ ክርክር ነው።

የኢጣልያ ወረራ፣ ከ1936 እስከ 1941፣ የከተማውን መጠጥ ሌላ መልክ ሰጠው። ቡና ቤት የሚባለው፣ በመደርደሪያው ላይ ጠርሙስ የተደረደረበት፣ ሴቶች የሚያስተናግዱበት የመጠጥ ቤት በየከተማው ተስፋፋ፤ ከነጻነት በኋላም አልጠፋም። ከዚህ ይልቅ ሥር የነቀለው ለውጥ ግን በግብር ሕግ በኩል የመጣው ነው። በ1942 እና በ1944 የወጡት የመሬት ግብር ሕጎች ግብር በዓይነት መግባቱን አስቀርተው በገንዘብ እንዲከፈል ሲያዙ፣ ማር ከጌታ ግምጃ ቤት ይልቅ ወደ ገበያ መሄድ ጀመረ፤ ለሠራዊቱና ለሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ በብር ሲከፈልም የግብር አዳራሹ የፖለቲካ ሥራ አከተመ። ታላላቅ ግብሮች በበዓላት ቀን ቢቀጥሉም ሥራቸው መታሰቢያና ክብር ብቻ ሆነ። በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የጠጅ ነጋዴዎች ርካሽ ጥሬ ዕቃ አገኙ፤ ስኳር ከጥቂት ማር ጋር እየተቀላቀለ፣ አንዳንዴም በቢጫ ቀለም እየታገዘ የሚሠራው ጠጅ በዝቶ የጠጅ ዋጋ ወረደ። በምኒልክ አዳራሽ በማዕረግ ይከፈል የነበረው መጠጥ በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የተራ ሰው መሆኑ በአብዛኛው የማርና የስኳር ዋጋ ታሪክ ነው፤ የልማድ ለውጥ የተባለውም ከዚህ ተከትሎ የመጣ ነው።

በዚሁ ዘመን በደቡብ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ተብሎ የሚታወቀው የወንጌላውያን ማኅበር በ1928 በወላይታ ሶዶ ጣቢያ ከከፈተ በኋላ፣ ወደዚህ እምነት የገቡት ሰዎች መጠጥን በሙሉ እንዲተዉ ይጠበቅባቸው ነበር። በአካባቢው ቦርዴ የሚባለው ወፍራም የእህል መጠጥ ምግብም መጠጥም ሆኖ በሥራ ቦታ፣ በለቅሶና በአባቶች መንፈስ ሥርዓት ሁሉ የሚቀርብ ስለሆነ፣ መተዉ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ አማኙ ከደቦ፣ ከዕርቅና ከዘመድ ሥርዓት የሚወጣበት በር ነበረ። ኢጣልያኖች ሚሲዮናውያኑን ባስወጡበት ጊዜ ጥቂት ደርዘን ብቻ የነበሩት አማኞች፣ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ በሺዎች ተቆጥረው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ደቦ በምግብና በማያሰክር መጠጥ እያደራጁ፣ መታቀብ በማኅበር ሊኖር እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። እንግዲህ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከተወለደበት ወገን ልማድ ወጥቶ፣ በራሱ ውሳኔ፣ ምንኩስናም ሳይገባ የማይጠጣበት ሰፊ እንቅስቃሴ የተነሣው በዚህ ነው። በ2007 የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከሕዝቡ 18.6 በመቶ፣ ሙስሊሞች 33.9 በመቶ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ሁሉም በሥርዓታቸው ጸንተዋል ባይባልም፣ ከአገሩ ሕዝብ እኩሌታ የሚሆነው አለመጠጣትን ከሚያስተምር እምነት ውስጥ ነው ማለት ነው። የኢትዮጵያን የመጠጥ ባህል ከጠጅና ከጠላ ብቻ የሚቀዱ ጽሑፎች ይህን ይዘነጉታል።

በመዲናይቱ ግን የሃምሳዎቹና የስልሳዎቹ ዓመታት የመጠጥ ቤት ዘመን ነበሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር በሌሊት ሕይወቱ ታወቀ፤ በ1960ዎቹ ሰበታ ላይ የተቋቋመው የሜታ ቢራ ፋብሪካ ከጊዮርጊስ ጋር ተወዳዳሪ ሆነ። ሕጉም የስካርን ጉዳይ ከሽማግሌ እጅ ወስዶ በአንቀጽ አሰፈረው፤ የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወንጀል ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው ኃላፊነት የለብኝም ሊል እንደማይችል ደነገገ። ከ1974 አብዮት በኋላ ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ፣ ሰዓት እላፊ አወጀ፤ ጠጪው ከእላፊ በፊት ወደ ቤቱ ካልደረሰ እዚያው መጠጥ ቤት ተዘግቶበት ማደር ልማድ ሆነ። መንግሥቱ ስለ ሥራ ባህል አጥብቆ ቢሰብክም ቢራ ገቢ ያስገኝ ነበርና በ1984 በሐረር አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። ይህ ፋብሪካ የቆመው ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት አካባቢ ሲሆን፣ በኋላ ሶፊ የተባለውን የማያሰክር የብቅል መጠጥ ማውጣቱ፣ የመጠጥ ነጋዴዎች የማይጠጣውን ሰው እንደ ደንበኛ መቁጠር መጀመራቸውን ያሳያል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያለው ታሪክ በፍጥነት የሄደ ነው። የጊዮርጊስ ፋብሪካ ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እጅ ገባ፤ ሄኒከን በ2011 የበደሌንና የሐረርን፣ ዲያጂዮ በ2012 የሜታን ፋብሪካ ገዙ፤ ዳሸን፣ ሐበሻ፣ ዋልያና ራያ ገበያውን ተሻሙ። በቴሌቪዥን፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳ፣ በኳስ ሜዳና በሙዚቃ ድግስ ላይ ቢራ የአገር ፍቅርና የወጣትነት መልክ ተሰጠው። በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ይህን ገታ፤ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም አገደ። በተከታዩ ዓመት በአዋጅ የተደነገገው የኤክሳይስ ታክስ፣ ማለትም መንግሥት ጎጂ ወይም ቅንጦት በሚላቸው ዕቃዎች ላይ የሚጥለው ተጨማሪ ግብር፣ የቢራን ዋጋ አነሣ። የአዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊሶችም በሌሊት በትንፋሽ መመርመሪያ አሽከርካሪዎችን መፈተሽ ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የአልኮል መጠን ሆነ፤ ማዕረግና ሃይማኖት ከሒሳቡ ወጡ።

በሕክምናውም በኩል ነገሩ ሌላ ስም አገኘ። በ1990ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎች ላይ የተደረገው የአእምሮ ጤና ጥናት፣ ሰው መጠጥ ለመቀነስ አስቦ እንደሆነ፣ ሰዎች በመጠጡ ሲነቅፉት ተቆጥቶ እንደሆነ፣ በጠጣው ተጸጽቶ እንደሆነ፣ ጠዋት ሲነሣ ለመርጋት ጠጥቶ እንደሆነ በመጠየቅ፣ መጠጥ ችግር የሆነባቸውን ከሌላው ጠጪ ለመለየት ሞክሯል። የአራቱም ጥያቄዎች አቀራረብ የድሮው ሽማግሌ ከሚያነሣው የተለየ ነው፤ ሽማግሌው የሚጠይቀው ሰካራሙ ማንን እንደሰደበ ነበርና። እንደዚያም ሆኖ መጠጥ ያሸነፈው ሰው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው ወደ ጸበል ነው፤ ከሐኪም ቤት ይልቅ ጸበሉ ቅርብም፣ ዋጋው ዝቅተኛም፣ ነውርን የሚሸፍንም ስለሆነ ይህ ምርጫ ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በኦርቶዶክስ ወጣቶች ዘንድም በሰንበት ትምህርት ቤቶች በኩል ከቀድሞው የጠነከረ የመታቀብ ትምህርት ተስፋፍቷል፤ በከተማ ባሉ አንዳንድ የጽዋ ማኅበራት ጠላው ቀርቶ በለስላሳ ሣጥን የተተካውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ የቦታ ነው፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ጋን የምታስቀምጥበት፣ እንኩሮ የምታምስበት፣ ወይራ የምታጤስበት ጓሮ የላትም።

አዋጆቹ ያልደረሱበት ሰፊ መስክ ግን አለ። በአገሩ ከሚጠጣው ብዙው አሁንም በቤት የተጠመቀ፣ የተጣለና የወጣ ነው፤ አረቄ በየገጠሩ ከተማ በጀሪካን ይመላለሳል፣ በመለኪያ ይሸጣል፤ ኃይሉን የሚመዝን፣ የገዢውን ዕድሜ የሚጠይቅ፣ ኤክሳይስ የሚሰበስብ የለም። በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት በአብዛኛው ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሴቶች ስለሆኑ፣ የወረዳ ሹሞች መጠጥ ቤት ለመዝጋት ዘመቻ ባነሡ ቁጥር ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይላላል። ቢራን የሚያስወድደው ግብርም ባልታሰበ መንገድ ለእነዚሁ ሴቶች ደንበኛ ያመጣል፤ የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ከፍ ባለ ጊዜ የቀን ሠራተኛው ወደ ጠላ ቤትና ወደ አረቄ ቤት ይመለሳልና።